ወደ ሌንሱ አይዩ

አባቴ አልረገመኝም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ በሰፈራችን የተወራው ሌላ ነበርና። «አባቷ ረግሟታል» ተባለ። ነጭ ውሸት ነው። የመዝገብ ቤት ሥራዬን ለቅቄ ካሜራ ስሸከም አባቴ ያደረገው ነገር ቢኖር ዝም ማለት ብቻ ነው።

ዝምታው ምን ማለት እንደሆነ ግን የእኛን ቤት ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ። እኛ ቤት ሳይመረቅ የሚጀመር ነገር የለም። ፈተና ያለበት፣ መንገድ የሚሄድ፣ አዲስ ሥራ የሚገባ ሁሉ አባቴ ፊት ይንበረከካል። እሱ እጁን በተንበረከከው ራስ ላይ ይጭንና በአፋን ኦሮሞ ጀምሮ በአማርኛ ይጨርሳል፤ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በየመሀሉ «አሜን» ይላል። ጡረታ የወጣ መምህር ነው፣ በዚያ ላይ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፤ ቃል አያጥረውም። እኛም ጴንጤዎች ነንና አሜን አያጥረንም። ታላቅ ወንድሜ አሮጌ ሞተር ሊገዛ ነቀምት ሲሄድ እንኳ ተመርቆ ነው የሄደው። እኔ መዝገብ ቤት የተቀጠርኩ ጊዜማ ምርቃቱ ከመርዘሙ የተነሳ ሚኒባሱ ጥሎኝ ሄደ። ሥራውን መልቀቄን ስነግረው ሬዲዮ እያዳመጠ ነበር። «እንዳሰብሽ» አለኝና ድምፁን ከፍ አደረገው።

በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላም አብረን እንበላለን፣ ስለ ዝናቡም ስለ ጤፍ ዋጋም እናወራለን። ስለ ካሜራው ግን ትንፍሽ የለም። የሰው ሰርግ ልቀርጽ ከአምቦ ጉደር፣ ጊንጪ፣ ጀልዱ ስመላለስ ከበር ወጥታ «በይ በደህና ግቢ» የምትለኝ እናቴ ብቻ ነበረች። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ፤ ያወጣሁት ከእሱው ነው። ምርቃት ለምኜ አላውቅም፣ አልለምንምም አልኩ። መፈለግ ግን ፈልጌው ነበር። ሰርግ ቤት ገብቼ የሙሽራዋ አባት ልጁን ሲመርቅ ከሌላው ሁሉ አስረዝሜ እቀርጻለሁ። ተመርቃ ያልወጣች ልጅ ሌላዋን ስትመረቅ ትቀርጻለች፤ እስቲ ይህ ምን ይባላል?

ሥልጠናው የመጣው በዚህ መሀል ነው። አንድ አሠልጣኝ ከአዲስ አበባ መጥቶ በሲኒማ ካሜራ አጠቃቀምና ከቀረጻ በኋላ ባለው ሥራ ላይ አምቦ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ሊያስተምር ነው ተባለ። ተመዘገብኩ። አብዛኞቻችን ሰርግ ቀራጮች ነበርን። ከእኛ ሌላ አንድ የኮሙኒኬሽን ቢሮ ሠራተኛና አንድ የሁለተኛ ደረጃ የቋንቋ መምህር ነበሩ። ከሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። አሠልጣኙ ጨዋ ሰው ነው፣ ትዕግሥቱ ግን አጭር። መጀመሪያ የሠራናቸውን ሰርጎች እንድናሳየው ጠየቀንና ትንሽ እንዳየ ራሱን ያዘ።

«ካሜራው ለምንድን ነው የእንግዳውን ሁሉ ፊት እየዞረ የሚለቅመው?» አለ።

«ጋሼ፣ ያልታየ እንግዳ ይቀየማላ!» አልነው።

እኛ አገር ሰርግ የሚቀረጸው ማን መጣ፣ ማን ቀረ ለማለትም ጭምር ነው። ፊቷ ቪዲዮው ላይ ያልታየ አክስት ለራሷ ልጅ ሰርግ ሌላ ቀራጭ ትጠራለች። ይህን ብናስረዳውም ሊዋጥለት አልቻለም። «ከዛሬ ጀምሮ እርሱት» አለን። እንዴት ተብሎ ይረሳል? እሺ አልነው እንጂ የመጀመሪያውን መልመጃ ስንቀርጽ ሁላችንም አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠውን ሰው አንድ በአንድ ዞረን ቀረጽነው፤ የጽዳት ሠራተኛዋን ሳይቀር።

ካሜራውም ራሱ ጉድ ነበር። በራሱ የሚሠራው ነገር የለም። ፎከሱም በእጅ፣ ብርሃኑም በእጅ። የሚወጣው ምስል ደግሞ ቀለም የለውም፤ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። አሠልጣኙ «ቀለሙ ውስጡ አለ፣ ኋላ በኮምፒውተር እናወጣዋለን» ይላል። የኮሙኒኬሽኑ ሰውዬ «ሙሽራ እንዲህ አድርጌ ቀርጬ ባስረክብ ቤተሰቡ ታማለች ብሎ ሆስፒታል ነው የሚወስዳት» አለና አሳቀን። እኔም ስቄ ነበር። አንድ ቀን ግን አሠልጣኙ ጭልሞ ጫካ ወሰደንና ከዛፉ ሥር ያለውን ጥላና ከላይ ሾልኮ የሚገባውን ፀሐይ በአንድ ምስል እንድንይዝ አደረገን። ተመልሰን ያንን አመዳም ምስል ኮምፒውተሩ ላይ ሲከፍተው፣ ቀለሙን ቀስ እያለ ሲያወጣው፣ አረንጓዴው ከያለበት ብቅ ብቅ አለ። ጥላው ውስጥ ያለው ቅጠል ሳይቀር ታየ። ያን ጊዜ መዝገብ ቤት የሚባል ነገር ከልቤ ወጣ። ብመረቅም ባልመረቅም ሥራዬ ይኸው ነው አልኩ።

አሠልጣኙ አጥብቆ ከነገረን ነገሮች አንዱ የዓይን ነገር ነበር። ተዋናይ ሌንስ ውስጥ ማየት የለበትም። የሚያየው አብሮት የሚጫወተውን ሰው ነው፤ ሌንሱን ካየ ታሪኩ ይፈርሳል። ለእኛ ይህ ከባድ ትምህርት ነበር። ሰርግ ላይ ካሜራ የማያይ ሰው ማን አለ? ሽማግሌው ያያል፣ ሕፃኑ ያያል፣ ወጥ የሚጨልፈው ያያል። ሌላው ትምህርት ደግሞ ጸጥታ ነበር። ድምፅ የሚቀዳው ለብቻው በሌላ መሣሪያ ስለሆነ «ቀረጻ!» ከተባለ በኋላ ከተዋናዩ በቀር ማንም ትንፋሹን አያሰማም። «ማስነጠስ የመጣበት ይዋጠው» ይል ነበር።

የመጨረሻው ሥራችን በየቡድኑ አጭር ፊልም መሥራት ነበር። የእኛን ድርሰት የጻፈው መምህሩ ነው። አንዲት ልጅ ነርስ ሆና ሩቅ ገጠር ትመደባለች፤ ከቤት ስትወጣ አባቷ ይመርቃታል፤ ፊልሙም እዚያ ላይ ያልቃል። መምህሩ አዘጋጅ፣ የኮሙኒኬሽኑ ሰውዬ ድምፅ፣ እኔ ካሜራና ኤዲቲንግ ሆንን። ልጅቷን የምትጫወተው በእውነትም የነርስነት ተማሪ ነበረች። ጸጥ ያለ ግቢ ሲፈለግ ከሁሉም የተሻለው የእኛ ሆነ፤ ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ፣ ከዋናው መንገድና ከባጃጁ ጩኸት ራቅ ያለ ነው። እናቴን ጠየቅኋት፤ እሷ አባቴን ጠየቀች። «ግቢው የማን ሆነና፣ ይምጡ» አለ አሉ።

በቀረጻው ቀን ሁሉ ነገር ደህና ሄዶ ምርቃቱ ላይ ስንደርስ አባት ሆኖ የሚጫወተው ሰው ቀረ። ሲደወልለት ጉደር ለቅሶ ላይ ነው። ለቅሶ ላይ ያለን ሰው ና አይባልም። ፀሐይዋ ዘንበል ማለት ጀምራለች፣ ካሜራውን ደግሞ በማግስቱ ሌላ ቡድን ይረከበዋል። አባቴ አቮካዶው ሥር አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ያላየን መስሎ ያየናል። አሠልጣኙ ወደ እሱ ዞረ።

«እኚህ አባትስ?»

«አይሆንም!» አልኩ። «በፍጹም አይሆንም። አባቴ ናቸው፣ አያውቋቸውም።»

ንግግሬን ሳልጨርስ ሄዶ አጠገቡ ቆመ። አባቴ መነጽሩን አድርጎ የመምህሩን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አነበበና ለመምህሩ መለሰለት።

«ይሄ የመጽሔት ነው፣ ምርቃት አይደለም» አለው። ለአሠልጣኙ ደግሞ፣ «እኔ የማስመሰል ምርቃት አላውቅም። ከመረቅሁ መረቅሁ ነው።»

«የእውነቱን ይመርቁልን አባባ፤ እኛም የምንፈልገው እሱን ነው።»

«እሺ» አለ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ገብቶ የእሑድ ኮቱን ለብሶ መጣ።

ልጅቷ ፊቱ ተንበረከከች። ካሜራውን ከጀርባዋ፣ ከትከሻዋ ትንሽ ከፍ አድርጌ ተከልኩትና ምስሉን በአባቴ ፊት ሞላሁት። ዓይኔ ትንሿ ስክሪን ላይ ነው፣ እጄ ፎከሱ ላይ። ያንን ፊት እንዲያ ቀርቤ አይቼው አላውቅም። አርጅቷል። አብረን እየኖርን መቼ እንዳረጀ አላየሁም።

«ቀረጻ!» ተባለ። አባቴ እጁን ልጅቷ ራስ ላይ አደረገ።

«የያዝሽው ይባረክ» አለ።

«አሜን!» አለ የድምፁ ሰውዬ፣ ማይኩን ከአባቴ ራስ በላይ እንደያዘ።

«ቁረጥ!» ጮኸ አሠልጣኙ። «ምን ሆነሃል? አንተ እኮ ድምፅ ነህ!»

«ይቅርታ ጋሼ፣ አምልጦኝ ነው። ደግሞስ ሲመረቅ ዝም ይባላል እንዴ?»

እንደገና ተጀመረ። አባቴ ረጋ ብሎ «የያዝሽው ይባረክ። የጨበጥሽው ይለምልም» አለና ቀጠለ። «ዓይንሽን አይጋርድብሽ። እጅሽን አያንቀጥቅጥብሽ። በገባሽበት ቤት ሁሉ ደስታ ይጠብቅሽ።» እዚህ ላይ አዘጋጃችን፣ ያ የተማረ የቋንቋ መምህር፣ እጆቹን ዘርግቶ «አሜን» አለ። ቀጥሎ የድምፁም የመምህሩም አፍ ተይዞ ደህና ሲሄድ እናቴ ከማድቤቱ በር «አሜን፣ አሜን» እያለች ብቅ አለች። እሷ ስትገሠጽ ደግሞ በአጥሩ ሥር የሚያልፍ ሰው ምርቃቱን ሰምቶ ቆመና «አሜን! ማን ሊሄድ ነው?» ብሎ ጠየቀ። አሠልጣኙ አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። «አገሩ በሙሉ አሜን ባይ ነው እንዴ?» አለ። በእርግጥም ነው። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም፣ ምርቃት ሰምቶ ዝም ያለ እንቢ እንዳለ ነው የሚቆጠረው።

ዝም ያልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። አሠልጣኙ ወደ እኔ ጠቁሞ «እሷን እዩ! ባለሙያ ማለት ይህች ናት» አላቸው። ደስ አለኝ። ግን እውነቱን ልናገር፤ አፌን የዘጋው ሙያ ብቻ አልነበረም። ቅናት ነበር። እኔ ስጠብቀው የኖርኩትን ቃል ስሟን እንኳ በቅጡ ለማያውቃት ልጅ ሲያፈስላት፣ ያውም ደጋግሞ፣ በንዴት ጥርሴን ነከስኩ። በሰው ምርቃት አሜን ብዬ ምን ላተርፍ? ፎከሴን ያዝኩ።

ሌላም ችግር ነበር። አባቴ መጀመሪያ ልጅቷን እያየ ይጀምርና «ዓይንሽን አይጋርድብሽ» ላይ ሲደርስ ዓይኑ ከእሷ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ሌንሱ ውስጥ ይገባል። በየጊዜው፣ እዚያው ቦታ ላይ። ስክሪኑ ላይ ሲታይ እኔኑ የሚያይ ይመስላል። ካሜራ ያየ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው ብዬ አሰብኩ።

«አባዬ፣ ወደ ልጅቷ እይ እንጂ። ሌንሱን አትይ» አልኩት።

«እሺ» አለ። ደግሞ አየ።

«አባዬ! ስንቴ ነው የምነግርህ?» በሕይወቴ እንዲህ ተናግሬው አላውቅም። እሱ ግን አልተቆጣም። አየኝና «ይደገም» አለ። ራሱ ነው ይደገም ያለው። ክፍል ውስጥ አንድን ነገር ሁለቴ አያስረዳም እየተባለ ሲታማ የኖረ ሰው፣ ምርቃት ድገሙ ሲባል ቅር ሳይለው ደገመ። እናቴ ከማድቤት ሆና «ዛሬ ምን ነካው?» አለችኝ በሹክሹክታ። አሠልጣኙም እንዲህ ያለ ታጋሽ ሰው አይቼ አላውቅም አለ።

በመጨረሻ ፀሐይዋ ጣሪያው ጫፍ ላይ ደረሰች። የማድቤቱ በር ተዘጋ፣ መምህሩ ከአጥሩ ውጭ ዘበኛ ሆኖ ቆመ፣ የድምፁ ሰውዬ የሸሚዙን አንገት ነከሰ። አባቴ የደከመው ይመስላል። እጁን ልጅቷ ራስ ላይ አደረገና እሷን ብቻ እያየ፣ «ወጥተሽ ግቢ። መልካም ትዳር ይስጥሽ። ልጅ ይስጥሽ። ለወገንሽ መድኃኒት ሁኚ» አለ። አጠር ያለ ነበር። አንዴም ሌንሱን አላየም፣ አንድም ሰው አሜን አላለም። አሠልጣኙ «ተገኘ!» ብሎ አጨበጨበ። አባቴ ኮቱን አውልቆ ቤት ገባ። እኔም ሜሞሪውን ሃርድ ዲስክ ላይ ልገለብጥ ሄድኩ።

ኤዲቲንጉ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር እየቆምን፣ ሲመጣ እየተሻማን ሠራን። ምስሉና ድምፁ ለየብቻ ስለሆኑ ሁሉንም አንድ በአንድ ማገናኘት የእኔ ሥራ ነበር። እናም የአባቴን ምርቃት በጆሮ ማዳመጫ እስኪሰለቸኝ ሰማሁት። የድምፁ ሰውዬ «ያቺ ‘እጅሽን አያንቀጥቅጥብሽ’ የምትለዋ ትግባ እንጂ! ለነርስ እኮ ናት፣ ለመርፌ» አለ። እውነቱን ነው፣ ከመጨረሻው ይልቅ የፊተኞቹ ያምሩ ነበር፤ የመጨረሻው ለማንም ልጅ የሚባል ነው። ሞከርነው። አሠልጣኙ አየና «ዓይኑ ሌንስ ላይ ነው፣ አይሆንም» አለ። በገዛ እጄ ቆርጬ አወጣኋት። ከዚያ የአባቴን ፊት ከአመዱ ውስጥ አወጣሁ፤ የኮቱን ሰማያዊ፣ የግንባሩን ጥቁረት፣ ሁሉንም እንደ መልኩ መለስኩለት። ጥሩ ሠርቻለሁ፤ ይህን ስል አላፍርም።

ፊልሞቹ የታዩት እዚያው አዳራሽ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ቤተሰብ ሁሉ ተጠራ። አባቴ ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር፤ ከእናቴ ጋር መጥቶ ፊት ተቀመጠ። ምርቃቱ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ «ወጥተሽ ግቢ» ከማለቱ አዳራሹ በሙሉ «አሜን!» አለ። ያን ያህል የለፋንበት ጸጥታ ገደል ገባ። አሠልጣኙ ራሱን እየነቀነቀ ሳቀ። እኔ አባቴን ነበር የማየው። እሱ አሜንም አላለም፣ አልሳቀም።

እናቴ ከሴቶቹ ጋር ስትቀር እኔና እሱ በእግር ወደ ቤት አዘገምን። ድልድዩን ተሻገርን።

«የመጨረሻውን ነው ያሳያችሁት» አለ አባቴ።

«አዎ። ደህናው እሱ ነበር።»

«ለልጅቷ ደህና ነው። የፊተኛውስ?»

«በፊተኛውማ ሌንሱን ታያለህ፣ አባዬ። ስንቴ ነገርኩህ እኮ።»

«እኔ ሌንሱን ምን ላድርገው?» አለ። «ከኋላው የቆምሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

እግሬ ቆመ። እሱ ጥቂት ሄዶ መቅረቴን ሲያይ ዞረ።

«አንድ ቀን እመርቃታለሁ እያልኩ ቆየሁ» አለ። «ራሷ መጥታ ትንበርከክ ብዬ፤ አንቺም አልመጣሽ። ያን ቀን በልጅቷ አሳብቤ መረቅሁሽ። ሁሉም አሜን አለ። መንገደኛው እንኳ ከአጥር ውጭ አሜን አለ። አንቺ ዝም። አልተቀበለችኝም አልኩ። ድገሙ ሲሉኝ ደስ እያለኝ ደገምኩ፤ ምናልባት አሁን ትል ይሆናል ብዬ። በመጨረሻ ተውኩትና የሰው ልጅ መረቅሁ። እሷ ምን በደለች?»

«አባዬ፣ ዝም በሉ ተብለን እኮ ነው!»

«ለእነሱም ተብሏል» አለ።

«አሜን» አልኩ፤ ለእኔም በቅጡ አልተሰማኝም።

«እ?» አለ አባቴ። ጆሮው ደህና ነው፤ ሰምቶኛል።

«አሜን!» ብዬ ጮህኩ፣ አስፋልቱ መሀል ቆሜ። ከኋላዬ የመጣ ባጃጅ ጡሩንባውን ለቀቀብኝ። አባቴ ክንዴን ይዞ ወደ ዳር ሳበኝ፤ ቤት እስክንደርስም አልለቀቀኝም።